ስንጥቁን የጋረዱ ጣሳዎች

የካቲት 9

አባዬ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስህ። ጆሮህ እንዴት ነው? መቼም አልተሻለውም። ቢሻለው ኖሮ እንደ ሰው በስልክ እናወራ ነበር። ባለፈው ስደውል አንተ «ምን? ምን?» ስትል እኔ ስጮህ፣ የቤታችንን ጉዳይ ፎቁ ሁሉ ሰማው። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ጎረቤትህ ስልኩን ተቀብሎህ «እህቴ፣ ጋሼ ደህና ናቸው፤ እኔን ግን አደነቆርሽኝ» አለኝ። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻለናል። ያ የአውቶቡስ ሞተር የቀማህን ጆሮ እኔ በጩኸት አልመልሰውም።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አልሞቱም። የላክሁልህ ቅጠሎች ሳጥኑ ውስጥ ጭምድድ ብለው የደረሱህ እንዲያ መሆን ስላለባቸው ነው። አንተ ግን አዘንክላቸውና ውሃ አጠጣሃቸው። እነዚህ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች ስንቃቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት፤ የሚገድላቸው የሰው ደግነት ነው።

አሁን እንደገና እንጀምር። ሌላ ሳጥን ልኬልሃለሁ፤ ሙሉ ተክሎችም አሉበት። ቅጠሉን ከግንዱ ስትገነጥል አትጎትተው። ያዝ አድርገህ ወደ ጎን ጠምዘዝ። ከሥሩ ሙሉ ሆኖ ካልወጣ አይበቅልም። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ተወው፤ የልጅ ጉልበት ሲላጥ ቅርፊት ያወጣ የለ? እንደዚያ። ሲደርቅ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ አስተኛው። አትቅበረው፣ አስተኛው። እንደ ክር የቀጠነ ሥር ብቅ ሲል ያኔ በጠብታ ውሃ ስጠው። የሚጠቁርና የሚልሰልስ ካለ ወዲያው አውጥተህ ጣለው። ብስባሽ ከታች ነው የሚጀምረው። ላዩን አረንጓዴ ሆኖ እያየኸው ውስጡ አልቆለታል።

እማዬ ከሄደች ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠህ መኪና ስታይ እንደምትውል አውቃለሁ። ስለዚህ እጅህ ሥራ ይያዝ ብዬ ነው። ምሳና እራትህን መብላትህን፣ ሸሚዝ መቀየርህንም ጻፍልኝ።

ስለ አማችህ ጠይቀሃል። ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው ሰላምታ ያልላከው። ባዶ ሳጥኑን ስትመልስልኝ ግን ወደ ቤት አትላክ፤ እዚሁ አበባ ቤቱ ይምጣልኝ። የምውለው እዚህ ነው።

ድንቢጥህ


መጋቢት 6

ድንቢጤ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ምሳ እበላለሁ፣ እራት እበላለሁ፣ ሸሚዝም እቀይራለሁ። ልጄ ነሽ ወይስ ተቆጣጣሪ? በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ትኬት ጠያቂዎች ሁሉ ብሰሻል።

ሥር አወጡ! ጠዋት መስኮቱን ስከፍት አንዱ ቅጠል ከቂጡ ሮዝ ክር አውጥቶ አፈሩን ሲፈልግ አገኘሁት። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወርጄ ልብስ ሰፊውን ከስፌት መኪናው ላይ ጎትቼ አመጣሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቢያይ ቢያይ አልታየው አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ሥር ነው ወይስ ከጺምዎ የወደቀ ነው?» አለኝ። አባረርኩት። በማግስቱ ግን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ለመስኮቴ መከለያ ሰፍቶ መጣ፤ ፀሐይ እንዳታቃጥላቸው። ወንደላጤ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ያሳዝነኛል። በእርግጥ እኔንም እንደዚያው ነው የሚያየኝ።

አሁን ጣሳ ሁሉ አልቆብኛል። የቲማቲም ጣሳ፣ የወተት ጣሳ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፤ ሁሉም ተክል ይዞ ሰው ሆኗል። ከእኔ በላይ ያሉት ቲቸር የእርጎ ኩባያዎች ሰጥተውኛል። ታስታውሻቸዋለሽ? እናትሽ መጽሐፍ የምትዋስባቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ ደረጃ መውረድ ቀርቷል፤ አንዲት ሴት ጠዋት መጥታ ጉዳያቸውን ጨርሳላቸው ትሄዳለች። ከመስኮታቸው በገመድ ቅርጫት ያወርዱልኛል፤ እኔ ግንጣይ እጨምርበትና እሳቸው ይጎትቱታል። ባለፈው ከግንጣዩ ጋር ወረቀት ብጽፍላቸው፣ ፊደል የሳትኩበትን በቀይ አርመው መልሰው አወረዱልኝ። በዚህ ዕድሜዬ!

አጠገባችን የነበረውን አሮጌ መጋዘን አፍርሰው አሁን ይቆፍራሉ። ምን ያህል እንደሚወርዱ እንጃ፤ ሠራተኞቹ ከእኔ መስኮት ጉንዳን አክለዋል። ድምፁን አልሰማውም፤ በእግሬ ግን ይገባኛል። ወለሉ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ አውቶቡስ ይመስላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ትሪው ላይ ውሃ ሳፈስ ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ባንዱ ወገን ያሉት ይበሰብሳሉ፣ በሌላው ወገን ያሉት ይጠማሉ። ጠረጴዛው ነው ብዬ በሌላ ቀየርኩት፤ እዚያም ያው ነው። ባንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፌ ብሰካ ተስተካከለ። ለተክል ጉዳት አለው? የረዘሙብኝን፣ አንገታቸው የቀጠነውንስ ምን ላድርጋቸው፣ አንቺስ አንድ ቀን ባልሽን ይዘሽ ለምን አትመጪም?

አባትሽ


መጋቢት 25

አባዬ፣

ናፍቆቴ ከልክ አልፏል። እንኳን ለመጀመሪያው ሥር አበቃህ።

ካርቶኑ ለተክሉ ጉዳት የለውም። እኔ ግን ጠረጴዛው አልመሰለኝም። ሁለት ጠረጴዛ አንድ ዓይነት አይዘምም። ወለሉ ነው። እስቲ መስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ አንዴ ተመልከትልኝ፤ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጥግ ጥጉን። የምጨነቅ መስሎህ ደግሞ እንዳትስቅብኝ።

ረዘሙ፣ አንገታቸው ቀጠነ ያልካቸው ብርሃን አንሷቸው ነው። የጎረቤት ሕንፃ ቦታ አቧራ ቅጠላቸው ላይ ከተኛ ብርሃን ቢኖርም አይጠጡትም፤ በለስላሳ ብሩሽ ጥረግላቸው። አንገቱ የረዘመውን አትዘንለት፤ ጭንቅላቱን በስለታም ቢላ ቁረጠውና ቁስሉ ሲደርቅ ለብቻው ትከለው። የቀረው ጉቶ ደግሞ ከጎኑ ጫጩቶች ያወጣል። ቢላውን መጀመሪያ በእሳት አሳየው።

ለምን አትመጪም ብለሃል። ሱቁን ጥዬ መምጣት አልችልም፤ የሠርግ ወቅት እየደረሰ ነው፣ የሱቁ ባለቤትም ታማለች። «አንድ ቀን ባልሽን ይዘሽ» ያልከውን ነግሬዋለሁ። እሺ ብሏል። ስለ እጅ ጽሑፌም አትጨነቅ፤ ተጣሞብህ ከሆነ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው።

ቲቸርን ሰላም በልልኝ። ቀይ እስክሪብቷቸውን እኔም አስታውሰዋለሁ።

ድንቢጥህ


ሚያዝያ 21

ልጄ፣

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። እጄ ሥራ በዝቶበት ነበር።

ባልሽኝ መሠረት ግድግዳውን አየሁት። ስንጥቅ አለች። ቀጭን ናት፣ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥታ ወደ ታች ትወርዳለች። አሮጌ ቤት ነው፤ እኔስ ፊቴ ላይ ስንት መስመር አለኝ? ጣሳዎቹን በመደርደሪያ ደርድሬባታለሁ፣ አሁን አትታይም። እንዲያውም ያምራል። ልብስ ሰፊው «አበባ ቤት ከፈቱ እንዴ?» ብሎኛል።

አከራያችን ባለፎቁ አንድ ሰው ይዞ መጥቶ ነበር። ሰውየው ብዙ አይናገርም። በየስንጥቁ ላይ ትናንሽ መስታወት ለጠፈና «መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ያኔ ንገሩን» ብሎ ሄደ። ደረጃው ላይ፣ መተላለፊያው ላይ፣ በየሰው ቤት ለጥፏል። ሰዉ ሲወጣና ሲወርድ ፀጉሩን የሚያስተካክል ይመስል እዚያ ላይ ቆም ይላል። የእኔው ከጣሳዎቹ ጀርባ ነው። ደህና ነው።

ከምድር ቤት ያሉት፣ ፀጉር አስተካካዩና ቤተሰቡ፣ ወጡ። ማንንም አልተሰናበቱም። ጠዋት ስወርድ በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። በረንዳው ላይ በባልዲ የተተከለች አንዲት እሬት ትተዋል፤ ጎኗ በስብሷል። ከሥሯ ጫጩቶቿን ለይቼ ወሰድኳቸው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስትም ዕቃ እያሰሩ ነው። «ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለራቃቸው ነው» ብለውኛል። እኔም «አዎ፣ ትምህርት ቤት መቅረብ ጥሩ ነው» አልኳቸው። ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

የቤቴ በር አልዘጋ ቢለኝ አናጢ ጠርቼ አስላጥኩት። ተዘጋ። አሁን ደግሞ አልከፈት ይላል።

ቲቸር ደህና ናት። የሰጠኋት ሁሉ ያዘላት፤ የአልጋዋ ራስጌ አረንጓዴ ሆኗል። አንዷን ግንጣይ «ሰነፍ ተማሪ» ብላ ሰይማታለች፤ ሁሉ ሥር ሲያወጣ እሷ ብቻ ተኝታ ትውላለች። እኔ ልጣላት ስል «ተው፣ ሰነፍ ተማሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚገርምህ» አለችኝ። አሁን ቅርጫቱ ባዶውን ሲወርድ እንኳ ደስ ይለኛል። ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ እንጃ።

ለእናትሽ ፎቶ በየጠዋቱ ሰላም እላታለሁ። እሱን እንዳትጠራጠሪ።

አባትሽ


ግንቦት 10

አባዬ፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፣ ይቅርታ።

ልብስ ሰፊው ጋ ደወልኩ። እንዳትቆጣው፤ ሊዋሸኝ ሞክሮ አልቻለበትም። መጀመሪያ «ሁሉ ሰላም ነው» አለኝ፤ ቀጥሎ «እህቴ፣ መስታወቶቹ ሁሉ ተሰብረዋል» አለ። «የአባቴስ?» ስለው «የጋሼ እኮ ከሁሉ ቀድሞ ነው የተሰበረው፤ በተለጠፈ በሳምንቱ» አለኝ።

በሳምንቱ! አንተ «ደህና ነው» ብለህ ስትጽፍልኝ ስብርባሪው ከጣሳዎቹ ጀርባ ወድቆ ነበር። እኔ የላክሁልህን ተክል ስንጥቅ መሸፈኛ አደረግከው። ደንበኞቼን ምን እንደምላቸው ታውቃለህ? ሥሩ ያለቀለትን ተክል ከላይ ውሃ እየረጨህ አታታልለው እላቸዋለሁ። ለአባቴ ግን ይህን መንገር አልቻልኩም።

ለባለፎቁ ነግራችሁታል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ነግረውታል። «ሰውየውን እልካለሁ» ብሎ ሰውየው አልመጣም፤ አሁን ስልኩንም አያነሣም አለኝ። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?

ና። ዕቃውን ተወው። አልጋውንም፣ ቁም ሣጥኑንም፣ ጣሳዎቹንም። የእማዬን ፎቶና መድኃኒትህን ያዝና ና። ቤታችን ሰፊ ነው። ባለቤቴም ደስ ይለዋል፤ እሱ ራሱ ነው «አባትሽ ይምጡ» ያለው።

እባክህ። ብዙ ለምኜህ አላውቅም።

ስለ ቲቸር የጻፍከውን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ድሮ «እሳቸው» ነበር የምትላቸው። አልተቀየምኩም። ስለዚህ ነገር ፊት ለፊት እናውራ፤ እኔ ጋ መጥተህ።

ድንቢጥህ


ግንቦት 28

ድንቢጤ፣

በሰላም ይድረስሽ። ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። ስለ መስታወቱ የዋሸሁሽ እንዳትፈሪ ብዬ ነው። ደግሞም ስጽፈው እኔም ግማሹን ሳላምነው አልቀረሁም። ጣሳዎቹ ፊት ለፊት ሲሆኑ ከኋላው ያለው የሌለ ይመስላል።

አሁን ግን ተራዬ ነው። ሳጥኖችሽን የሚያመላልስልን ሹፌር ባለፈው ሻይ ስጋብዘው አፉ አመለጠው። ሹፌር ለሹፌር አይዋሽም። «ልጅዎ ከሱቁ ጀርባ ነው የምታድረው፤ ከአበባዎቹ ጋር» አለኝ። ባልሽ ቤቱን ለቆ ከሄደ ቆይቷል አለ፤ ቤቱም ለሌላ ሰው ተከራይቷል። ጉልበትሽ ላይ የምትጽፊው ጠረጴዛ ስለሌለሽ ነው፤ አይደለም? ሰፊ ቤት አለኝ ብለሽ ስትጽፊልኝ ምን ላይ ተቀምጠሽ ነበር?

አልቆጣሽም። በምን አባትነቴ! ማልቀስ ግን አልቅሻለሁ።

ስለዚህ አልመጣም ብል አትፍረጂብኝ። ቦታ ስላጣሁ ብቻም አይደለም። ቲቸርን ጥዬ አልወርድም። ያቺ ጠዋት ጠዋት ትመጣ የነበረች ሴት ደረጃውን ፈርታ ቀርታለች፤ አሁን ምግቡን እኔ ነኝ የማደርስላት። ከአምስተኛ ፎቅ በእግሯ መውረድ አትችልም፤ በሰው መሸከም ደግሞ አልወደደችም። «ያስተማርኳቸው ልጆች በሚያልፉበት መንገድ እንደ ጆንያ አታወርዱኝም» አለች። ስንት ቀን ተከራከርን። ቅርጫቱን በወረቀት ሞላሁት። መጀመሪያ እያረመች ትመልስልኝ ነበር፤ በኋላ ሳታርም መመለስ ጀመረች፤ ያኔ እሷም እንደፈራች ገባኝ።

አሁን እሺ ብላለች። በከተማው ዳር የእህቷ ልጅ አለች፤ ቤቷ ምድር ላይ ነው፣ አንድ ክፍል አሰናድታለች። እኔንም ሳሎን አስተኛለሁ ብላለች። ልብስ ሰፊው ባለ መደገፊያውን ወንበር በቀበቶ እያጠናከረው ነው፤ እንደ ንግሥት ነው የምናወርድዎት ብሏታል። እሱ ከፊት ይይዛል፣ እኔ ከኋላ፣ ሁለት ጠንካራ ሰዎችም ከጎን ይደግፉናል። ሰዎቹ የሚመቻቸው ቅዳሜ ነው፤ የሚቀጥለው ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ያለው።

ዝናቡ ጀምሯል። ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሯል፤ ፓምፕ አምጥተው ቀን ከሌት ይስባሉ። በእግሬ አውቀዋለሁ። አልፎ አልፎ ያቆማል። ሲያቆም ደግሞ ይብስብኛል።

ጣሳዎቹን አንሥቻቸዋለሁ። እጄን ስንጥቁ ውስጥ አስገባሁ፤ እስከ አንጓዬ ገባ።

አባትሽ


ሰኔ 3

አባዬ፣

እውነት ነው። ሁሉም እውነት ነው። ሄዷል። የት እንዳለ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ያልነገርኩህ እማዬን ቀብረህ ገና ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ እያየሁህ ሌላ ሸክም እንዳልጨምርብህ ነው። ሰፊ ቤት አለኝ ብዬ ስጽፍ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬበት ነበር።

ስለ እኔ ሌላ ጊዜ ትጮህብኛለህ። አሁን ስማኝ። ቅዳሜን አትጠብቁ። ይህ ወረቀት በደረሰህ ቀን ቲቸርን አውርዷቸው። ሁለቱ ሰዎች ካልተመቻቸው መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ለምኑ። ወንበሩ ካላለቀ በብርድ ልብስ አውርዷቸው። ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። ልብስ ሰፊውንም ይዘኸው ውጣ፤ መኪናውን ከሱቄ ጥግ እንተክልለታለን በለው።

ሁለታችሁም እኔ ጋ ኑ። ጠባብ ነው፣ እርጥብ ነው፣ አበባ አበባ ይሸታል። ግን የፈለግከውን ጠጠር ወለሉ ላይ አድርገው፤ አይንከባለልም። አይቼዋለሁ።

ስልክ ብሞክር ልብስ ሰፊው አያነሣም። መብራት የለም መሰለኝ እናንተ ጋ። መጥቼ ላወርዳችሁ ተነሥቼ ነበር፤ ዝናቡ ድልድዩን ወስዶታል፣ መኪና ወደ እናንተ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ይህንን ደብዳቤ በእግር ተሻግሮ ከወዲያ ለቆመው መኪና የሚሰጥልኝ ሰው አግኝቻለሁ።

ቶሎ በል አባዬ።

ድንቢጥህ


ሰኔ 17

ልጄ፣

በሕይወት አለሁ። ይህን በእጄ ጽፌ እንድታዪው ነው መጀመሪያ ያስቀደምኩት። ትናንት በስልክ ሲያገናኙን ድምፅሽን አልሰማሁትም፤ ታለቅሺ እንደነበር ቲቸር ነገረችኝ። የጠየቅሻትንም ነግራኛለች። «ምን ሆነ? እሱ ራሱ ይንገረኝ» ብለሻል። እነግርሻለሁ። ግን ቀስ ብዬ ነው።

የሰኔ ሦስቱ ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። ለልብስ ሰፊው አነበብኩለት። መኪናውን ከሱቅሽ ጥግ እንደምትተክዪለት የጻፍሽውን ሁለቴ አስነበበኝ። «እህቴ መቼም በስልክ ካልጮኸች ጥሩ ሰው ናት» አለ። በዚያው ሰዓት ሰው ፍለጋ ወጣን። ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ቤቱ ከቶታል፤ አንድም እሺ ያለን አጣን። ከምሽት በፊት ሁለታችን ብቻ ወጥተን ሞከርን። ከላይኛው ደረጃ ሳንወርድ ክንዴ ከዳኝ፤ ልጥላት ነበር። መለስናት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሰዎች ቃላቸውን አክብረው መጡ።

በሯ በአንድ ሌሊት ተጣብቆ አልከፈት ብሎ በመዶሻ ሰበርነው። ወንበሩ ላይ አስቀምጠን አሰርናት። ያደረገችው ጥሩ ልብሷን ነው፣ ያንን ለምርቃት ቀን የምትለብሰውን። ከተክሎቹ አንድም አልያዘችም። እኔም አልያዝኩም። ደረጃው እርጥብ ነበር፤ የላይኛውና የታችኛው አይገጣጠምም፤ በመሃሉ ብርሃን ይታያል። ልብስ ሰፊው ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ እየረገጠ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ፍሬን ነው ስምዎ፤ ያዙ እንጂ፣ ያዙ!» ይለኛል፤ ከአፉ ነው ያነበብኩት። በሹፌርነቴ ዘመን ያወጡልኝን ስም የት እንደሰማው እንጃ። እሱ ሲስቅ ሁላችንም ሳቅን። እንደዚያ እየሳቅን ነው የወረድነው።

መንገዱን ተሻግረን ከግንቡ ሥር አስቀመጥናት። አስፋልቱ ላይ ሰው ቆሟል። ሁለቱ ሰዎች ላባቸውን እየጠረጉ ሳለ ልብስ ሰፊው ራሱን ያዘ። የሙሽራ ቀሚስ ነበረው። ለእሑድ። ጨርሶ፣ ተኩሶ፣ በፕላስቲክ አድርጎ በሩ ጀርባ ሰቅሎታል። «ሁለተኛ ፎቅ ናት፤ አሁን መጣሁ» አለኝ። ቃል ሰጥቻለሁ አለ። እናቷ ስንቴ መጥታ እንደለመነችው አውቃለሁ።

«ቶሎ በል» አልኩት። «ተው» አላልኩትም። ልጄ፣ እጄ ትከሻው ላይ ነበር፤ ልይዘው እችል ነበር። መታ አድርጌ «ቶሎ በል» አልኩት።

ዘወር ብዬ የቲቸርን ቀበቶ መፍታት ጀመርኩ። ጀርባዬ ወደ ፎቁ ነበር። ምንም አልሰማሁም። በእግሬም የመጣልኝ ነገር የለም፤ ወይ ደግሞ ስለለመድኩት ይሆናል። ቀበቶውን እየፈታሁ ቀና ስል ፊቷን አየሁት። እኔን አታይም። በእኔ በላይ ታያለች፤ አፏ ተከፍቷል። ከዚያ ፊቷ ነጭ ሆነ። በፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ አቧራው ነው። እጄም ነጭ ሆነ። ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ ነግሮሻል። ፍርስራሹን ሦስት ቀን ቆፈሩ። እኔም ከዚያ አልተነሣሁም፤ ባለፎቁም እዚያ ድርሽ አላለም። ልብስ ሰፊውን ያገኙት ደረጃው ላይ ነው፤ ወደ ደጅ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቀሚሱን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። የሙሽራዋ እናት መጥታ አየችው። ዘርጋ አድርገን ብናሳያት ራሷን ነቅንቃ ሄደች፤ አልወሰደችውም። እሑድ ምን ለብሰው እንደዳሩ አላውቅም።

ና ብለሽኛል። ድልድዩ ሲጠገን እንመጣለን፤ ሁለታችንም። ቲቸር «እኔ የአበባ ሽታ ያስነጥሰኛል» ብላለች፤ ግን እሺ ብላለች። የእህቷ ልጅ ደግ ናት፣ ቤቷ ሙቅ ነው። ሌሊት አልጋዬ ላይ ስሆን ግን እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ እተኛለሁ።

ከመምጣታችን በፊት አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ልብስ ሰፊው ሩቅ ያለች አሮጊት እናት አለችው። እስካሁን የነገራት የለም። ከእኔ በቀር የቅርብ ሰው የለውም አሉና ጽሕፈቱን ለእኔ ሰጡኝ። ከጠዋት ጀምሮ ወረቀቱ ፊቴ ነው። ስለ ጤናዋ ጠይቄያታለሁ። ስለ ዓይኗ ጠይቄያታለሁ፤ ዓይኗን እንደሚያማት ነግሮኝ ነበር። ዝናቡ እናንተስ ጋ እንዴት ነው ብያታለሁ። ልጅሽ በሁላችንም ዘንድ የተወደደ ነው ብዬ ጽፌ «ነው»ውን ሰረዝኩት፤ ሌላ ወረቀት አወጣሁና እንደገና ከሰላምታው ጀመርኩ። ቲቸር አጠገቤ ተቀምጣለች፤ አታርመኝም፣ እጄን ብቻ ታያለች።

ሰላምታው አልቋል።

አባትሽ